አምስት መስመር ለሃምሳ አለቃ አዱኛ

ከነፋስ መውጫ ለቅሶ ደርሼ በሚኒባስ ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ገሳይ ላይ በረዶ ያዘን። ሹፌሩ «ጎማው ልክ አይደለም፣ እስኪጠገን ወርዳችሁ ሻይ ጠጡ» አለ፤ ጎማው ግን ምንም አልሆነም፣ በረዶውን ፈርቶ ነው። ይፍራ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ እየሮጥኩ፣ በዚህ ጉልበት ሩጫ ከተባለ፣ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገባሁ። በረዶው ቆርቆሮውን ሲመታው ሃያ ታይፒስት ባንድ ላይ የሚጽፍ ነው የሚመስል። ለሌላው ምን እንደሚመስለው አላውቅም፤ እኔ ታይፒስት ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ ከጥግ በኩል «አንቱ፣ ወዲህ ተቀመጡ፣ እዚያ ያፈሳል» ብሎ ተጣራ። ፊቱን ሳላይ በድምፁ አወቅሁት፤ ሃምሳ አለቃ አዱኛ ነው። ወፍራም ካፖርት ለብሷል፣ ግራ እጁ የለም። እሱም ትንሽ አፍጥጦ አየኝና «የሻረግ? ታይፒስቷ የሻረግ?» አለ። አንቱታው እዚያው ቀረ። ተነስቶ ሳመኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ አገሩ እንዴት ነው ተባባልን። ከዚያ ሌላ ወሬ የጠፋ ይመስል «ያ ሻምበል መኩሪያ ሞተ አሉ። ነፍሱን አይማረውና!» አለ። ሙት አይወቀስም ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሻይዋን ሳልቀምስ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ሻምበሉ ምንም አላደረገውም። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከየት ልጀምረው? እኔ ነገር ሲገባኝ ከመሀል ነው የምጀምር፤ ልጆቼም በዚህ ይስቁብኛል። ያኔ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ጎንደር ሄጄ ታይፕ ተምሬ ደብረ ታቦር ጦር ሰፈር በሲቪል ተቀጠርኩ። ሻይ አስር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ አስር ሳንቲም በሆነበት ዘመን ደመወዝተኛ ሴት መሆን ቀላል ነገር መሰላችሁ? ከጋሽ ይመር ሱቅ የቴትሮን ጉርድ ቀሚስ አስለክቼ፣ ቢጫ ሹራብ ደርቤ፣ ጎፈሬዬን ነፍቼ በገበያው መሀል ሳልፍ የጠላኝም ያየኛል፣ የወደደኝም ያየኛል። ጋሽ ይመር፣ ነፍሳቸውን በጀነት ያኑርልን፣ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው «ይቺስ ያንቺ ናት፣ ለሌላ አልሸጣትም» ይሉኝ ነበር። ለሁሉም ሴት እንደዚያ እንደሚሉ የሰማሁት ካገባሁ በኋላ ነው። አደባባዩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ሰልፍ የሚል ዘፈን ይለቅብናል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠጅ ቤቱ ጓሮ አዝማሪው ማሲንቆውን ያነሳና የፍቅር ዘፈን ሲጀምር አንዱ ካድሬ ገብቶ «ይሄ አድሃሪ ዜማ ነው» ይለዋል። አዝማሪውም ዜማውን ሳይለውጥ ግጥሙን ብቻ ወደ ትራክተር ይመልሰዋል። ዛሬ ያ ጠጅ ቤት ሞባይል መጠገኛ ሆኗል። በዚያ ሳልፍ ሁልጊዜ ቆም ማለት ያምረኛል፣ ግን ሰው ምን ይላል ብዬ አልፈዋለሁ።

ቢሮዬ ከጣሊያን የቀረ የድንጋይ ቤት ነው። የጉና ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባና ጣቴን ያደነዝዘዋል፤ ጣቴን ብብቴ ውስጥ አሙቄ፣ አንድ ገጽ መትቼ፣ ደግሞ አሙቄ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የመመዘኛ ፎርም ከላይ ይመጣል። የእያንዳንዱ ወታደር የዓመት ሥራ እየተመዘነ የሚሞላበት ነው። ደንቡ እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ ወታደሩ ራሱ ዓመቱን ምን እንደሠራ በግማሽ ወረቀት ይጽፋል፣ ሻምበሉ የሚገባውን ይመርጣል፣ እኔ በታይፕ እመታለሁ፣ ሻምበሉ ይፈርማል፣ መጨረሻ ላይ ባለቤቱ አንብቦ ይፈርማል። «ጉልህ ተግባራት» ለሚለው የተተወው ቦታ አምስት መስመር ብቻ ነው። ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲባክን ከርሞ አምስት መስመር! ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡት ልጆች ወረቀቱን ከፊትም ከኋላም ሞልተው፣ ኅዳጉ ላይ ሳይቀር ጽፈው ያመጣሉ። የእኛ አገር ልጅ ግን ቢገድሉት ራሱን አያመሰግንም። ፉከራ ላይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ አንበሳ ገዳይ ነኝ ቢል የሚታዘበው የለም። ወረቀት ላይ ግን «እኔ ይህን ሠራሁ» ማለት ነውር ነው። አንዱ «የታዘዝኩትን አላጓደልኩም» ብሎ ይመልሰዋል፣ አንዱ ባዶውን። የሃምሳ አለቃ አዱኛ ወረቀት ላይ «አለቆቼ ያውቃሉ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነበረች።

ሻምበል መኩሪያ የሐረር ሰው ናቸው፤ ጫማቸው የሚያበራ፣ ሲናገሩ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር የሚመላለሱ። ያችን ወረቀት አዩና «ጓዲት የሻረግ፣ ይህ ሰው ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ከረመ? ሂጂና የሚያውቁትን ጠይቂልኝ» አሉኝ። ደብተር ይዤ ዞርኩ። የወጥ ቤቱን ሰው ጠየቅሁ፣ ሹፌሩን ጠየቅሁ፣ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ሰው ጠየቅሁ። አቤት! ስለራሱ አንዲት ቃል ያልተነፈሰ ሰው የሌላው አፍ ላይ እንዴት ይበዛል መሰላችሁ! ርብ ወንዝ ሞልቶ ምልምሎች የጫነ መኪና መሀል ላይ ሲቆም ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ በዋና ተሻግሮ ጎትቶ ያወጣቸው እሱ ነው። የዒላማ ተኩስ ውድድር ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አንደኛ። መትረየሱን ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ ፈቶ ይገጥመዋል፣ ያንኑ ለስንቱ አስተምሯል። ደግሞ ሌላም አለ፤ ፊደል የማያውቁ ወታደሮችን ሰብስቦ ማንበብ አስተምሯል፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ግማሽ እንጨት የሚቆጥብ የጭቃ ምድጃ ሠርቷል፤ ከሰፈሩ ጀርባ ጎመን አስተክሏል። አንድ ጊዜ ልምምድ ላይ ያለ ጦር የአንዲትን ባልቴት ገብስ ረግጦባት፣ አዱኛ በዕረፍት ቀኑ ጓደኞቹን አስተባብሮ ወንፈል እንደገባ ሰው የተረፈውን አጭዶ ከምሮላታል። አሥራ አንድ ነገር ጻፍኩ። ከአሥራ አንዱ ስድስቱ መውጣት ነበረባቸው።

«ልብ በይ» አሉኝ ሻምበሉ ምርጫውን ለእኔ ትተው እየተመላለሱ፣ «ደመወዝ የሚበላበትን ነገር አትጻፊ፤ እሱንማ ማንም ይሠራዋል። ከግዴታው ያለፈውን ጻፊ። ማን አየው? ምን አስገኘ? ይህን የማይመልስ ነገር አይገባም። ጀግና፣ ታማኝ፣ ቆራጥ የሚለውን ለሙሾ አስቀምጪው።» ወድጄ ነበር የምሰማቸው። እንዲያው ቤቴ ገብቼ ሳህን ሳጥብ ሁሉ ጎረቤቶቼን በአምስት መስመር እመዝናቸው ነበር። አከራዬን ሁለት መስመር ላይ ጨረስኳት።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። ያን ዓመት ወሬው መጥቷል፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። መመዘኛው ላይ ተኩስና መትረየስ የበዛለት ሰው ወደ ላይ፣ ማለት ወደ ሰሜን ግንባር፣ ለሚሄደው ጦር ይመረጣል። ማስተማርና ማደራጀት የበዛለት እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ለምልምል አሠልጣኝነት ይቀራል። ያ ወረቀት ሰው ይወስድ ነበር፣ ሰው ያስቀር ነበር። የሚመታው ደግሞ በእኔ ጣት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት በር ላይ ሴትዮ ትፈልግሻለች አሉኝ። ወጣሁ። የአዱኛ እናት፣ እመት ውድነሽ፣ ከአንበሳሜ በኩል በእግራቸው መጥተው ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል። በቅጠል የጠቀለሉትን ቅቤ እጄ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን በላዩ ላይ ራሳቸው አጠፏቸው። «እመት፣ ይህን አልቀበልም፣ ያስቀጣኛል» ብላቸው «ዝም በይ ልጄ፣ ለጠጉርሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሁለቱ ልጆቼ ወደ ላይ ሄደው ቀሩብኝ። የቀረኝ እሱ ነው። እሱ አይነግርሽም፣ እኔም እንደመጣሁ እንዳይሰማ። በቁስቋም ማርያም ይዤሻለሁ፣ የሚያስቀረውን ጻፊልኝ።» ምን ትሉ ነበር እናንተ? «እሺ እመት» አልኳቸው። ቅቤውንም ተቀብዬዋለሁ፣ ምን እዋሻለሁ፣ ጎፈሬዬ ለሁለት ሳምንት አበራ።

ከዚያ ተቀመጥኩና መረጥኩ። ፊደል ማስተማሩ አንድ። ምድጃው ሁለት። የባልቴቷ ገብስ ሦስት። ጎመኑ አራት። አምስተኛው ላይ ልብስ ግምጃ ቤቱን ማስተካከሉን ጻፍኩ፤ እሱንስ ማንም ያስተካክለዋል። ተኩሱን ተውኩት። መትረየሱን ተውኩት። ርብን ስተወው እጄ ትንሽ እምቢ ብሎኝ ነበር። ወረቀቱን ለሻምበሉ ሰጠኋቸው። አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ተኩሱስ?»

«ደመወዝ የሚበላበትን አትጻፊ ብለውኝ የለ? ወታደር የሚበላው በተኩስ ነው።»

«ርብስ?»

«ማን አየው ቢሉኝ ሹፌሩ ተዛውሯል፣ ምልምሎቹም ተበትነዋል። ምስክር የለም።»

ሹፌሩ አልተዛወረም። ውጭ ጎማ ይነፋ ነበር፣ ድምፁም ይሰማል። ሻምበሉ ሳቅ አሉና «ከእኔ ተማርሽና በእኔው መጣሽ» ብለው ፈረሙ። ያወቁ ይሆን? እስከ ዛሬ ይህን አገላብጬ አገላብጬ አልደረስኩበትም። አዱኛ ሊፈርም ሲገባ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ አነበበ። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። «የጎደለ ነገር ካለ ተናገር» አልኩት፣ ይህንም ለወጉ። ምን ይበል? ተኩሴን ረሳችሁት ብሎ ለሴት ይናገር? ብዕሩን አንስቶ ፈረመና ወጣ። እኔ ሞኟ ዝምታውን ስምምነት አድርጌው «ተመስገን ቁስቋም» አልኩ። እዚያው አገር ተወልጄ አድጌ የአገሬ ሰው መቼ ዝም እንደሚል ጠፋኝ!

ያላሰብኩት ነገር ደግሞ ነበር። ያን ዓመት አዲስ ደንብ ወጣና መመዘኛው ጦሩ ተሰልፎ ፊቱ እንዲነበብ ታዘዘ። ካድሬው ሳጥን ላይ ቆሞ ያነባል። የአንዱ ምሽግ መስበር፣ የአንዱ ዒላማ፣ የአንዱ ቆራጥነት ተነበበና የአዱኛ ተራ ደረሰ። «ምድጃ ሠርቷል። ጎመን አስተክሏል። ልብስ አስተካክሏል…» ሰልፉ ከኋላ ጀምሮ ሳቀ። ሳቅ ሰልፍ ላይ ሲጀምር አይቆምም። እኔ በመስኮት ሆኜ ነው የሰማሁት። ምሳ ሳይደርስ ስም ወጣለት፤ «የምድጃው ጀግና»። ወጥ ቤት ሲገባ «ሃምሳ አለቃ፣ እሳቱን አይተህልናል?» ይሉታል፣ በሩ ላይ ሲያልፍ «ጎመን በጤና» ይሉታል። የቤጌምድር ወንድ ይህን ችሎ ያድራል? አላደረም።

በሦስተኛው ቀን ቢሮዬ ገባ። ማመልከቻ በእጁ ጽፎ አምጥቷል፤ በፈቃዴ ግንባር ልዝመት የሚል። «ምቺልኝ» አለኝ። «ሃምሳ አለቃ፣ ተው። ስለ ኢየሱስ ብለህ ተው። ሰው ሁለት ቀን ይስቃል፣ ይረሳዋል» አልኩት። «አንቺ ታይፒስት ነሽ። ምቺ።» በሩ ክፍት ነው፣ ካድሬው ኮሪደሩ ላይ ከሰው ጋር ያወራል። እኔ ነኝ ተኩሱን ያወጣሁት፣ እናትህ ለምናኝ ነው፣ ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ፈራሁ። ለግንባር የሚፈለግን ሰው መመዘኛ ቀንሳ ጻፈች ቢባል ምን እንደሚከተል በዚያ ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ካርቦኑን ሁለቱ ወረቀት መሀል አስገብቼ መታሁት። ስሙን ተሳስቼ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሻምበል መኩሪያ ሊያስቀሩት ቢጠሩት «ሌላ ሥራ የለኝም ጓድ ሻምበል፣ ጎመኑ በቅሏል» አላቸው አሉ። በዚያው ሳምንት ሄደ። አንበሳሜ ወርዶ እናቱን እንኳ አልተሰናበተም። ምን ይበላቸው፤ ባለምድጃ ተባልኩ ይበል?

እመት ውድነሽ በወሩ መጡ። እኔ ደግሞ ገበያ መሀል፣ በዚያች ቢጫ ሹራቤ። ነጠላቸውን አጣፍተው ፊቴ ቆሙና ሰው ሁሉ እየሰማ «ቅቤዬን በልተሽ ልጄን ሸጥሽው!» አሉ። «እመት፣ ስሙኝ…» ስል ዙሪያዬን አየሁ፤ ማን ቆሟል፣ ማን ይሰማል። አልጨረስኩትም። «እንደ እኔ ያድርግሽ!» ብለው መሬቱን በእጃቸው መትተው ሄዱ። ልጆች ወለድኩ፣ አራት። አንዱ ትኩሳት በያዘው ቁጥር ያቺ ቃል ትመጣብኛለች። ትልቁ ወታደር ልሁን ያለ ቀን ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ ባዶ እንስራ ይዤ ተመለስኩ። ሹራቧን ዳግም አልለበስኳትም፣ ለሠራተኛዬ ሰጠኋት።

እንግዲህ ገሳይ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ነፍሱን አይማረው የሚለው ይህ ሰው ነው። «ያ ሰው ንቆኝ ነው» አለ። «ርብን ያውቃል፣ ተኩሱንም በዓይኑ አይቷል። ንቆኝ እንጂ ምድጃ ብሎ አይጽፍም ነበር። እዚያ ላይ ስንተኛ፣ ስንነሳ እሱን ነው የምረግም። እጄ የሄደች ዕለት እንኳ እናቴን ሳይሆን እሱን ነው የጠራሁ፣ በስድብ።» ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ሻምበሉ ሞተዋል፣ ደብተሬ በአይጥ አልቋል። ደግሞ ለዚህ ዕድሜ የደረሰን ሰው ምን አስቆፈረኝ? ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። የሻይ ቤቷ ባለቤት «ምነው እትዬ፣ ቁንጫ ነው?» አለችኝ።

«አዱኛ» አልኩት፣ «ሻምበሉ አይደሉም። እሳቸው ተኩሱስ ብለው ጠይቀዋል። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

አየኝ። «አንቺ ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም። እናትህ መጥተው ለመኑኝ። ከአንበሳሜ በእግራቸው። የሚያስቀረውን ጻፊልኝ ብለው በቁስቋም ያዙኝ። እንድትቀር ነው፣ አዱኛ። እንድትቀር ነው የጻፍኩት።» አለቀስኩ፣ እንባ አይሸሸግም። «ማመልከቻህን ስመታም ልነግርህ ነበር። ፈራሁ።»

በረዶው ቆሞ ሰው መውጣት ጀምሯል። «እናቴ» አለ፣ «ጦር ሰፈር ድረስ መጥታ? ለእኔ አልነገረችኝም።»

«እንዳይሰማ ብለውኝ ነበር።»

«ስመለስ ስድስት ወር አብሬያት ኖርኩ። እጄን እያየች ታለቅሳለች፣ ምንም አትልም። ስትሞት ያንቺን ስም ትጠራ ነበር። ‹የሻረግን፣ የሻረግን› ትላለች፣ ስትረግም። እኔ እብደት መስሎኝ። ያቺ ታይፒስት እናቴን የት ታውቃታለች ብዬ።» ግንባሩን በመዳፉ አሸው። «እሷ አንቺን እየረገመች ሞተች። እኔ ሻምበሉን እየረገምኩ ይኸው አረጀሁ። አሁን ማንን ልርገም?»

«እኔን ነዋ» አልኩት።

«አንቺንማ እናቴ ጨርሳዋለች» አለና ሳቀ። ሳቁ አልዘለቀም፣ ወደ ሳል ተመለሰ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ ጎማው ድኗል መሰለኝ። ነጠላዬን ሰበሰብኩ። አዱኛ ተነስቶ ክንዴን ያዘና አስነሳኝ፣ በሩ ድረስ ወሰደኝ፣ ጭቃውን አሻግሮ ሚኒባሱ ውስጥ አስገባኝ። «በደህና ግቢ» አለኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።